ዓሦቹን ያስጾመው ሀብታም

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ፤ ጾመኛም ነበረ፤ ከሁለቱ ይልቅ ግን እዩኝ እዩኝ ባይ ነበረ።

ተቀመጥ፤ ጋቢህን ሰብስብና ተቀመጥ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ታላቁ ልጅህ ታናሹን በመጥረቢያ እጀታ መትቶ ጤና ጣቢያ አስተኝቶታል፤ መካከለኛው ከሁለቱም ጋር አልነጋገርም ብሏል፤ አንተም «ከሦስቱ የትኛውን ልርገም?» ብለህ እኔ ዘንድ መጥተሃል። የነፍስ አባትህ ነኝና መልስ አለብኝ። የአባት እርግማን አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ የልጅ ልጅህን ሁሉ ይከተላል። ስለዚህ ሳትረግም በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማ። ተቆጥቼ ብነግርህም አትቀየመኝ፤ እሱን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውየው የሚኖረው ደጋ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ለንግድ ወደ ቆላ ወርዶ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ሲያልፍ፣ ፈረንጆች በጀልባ ሆነው ነጭ ዓሣ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ በመንጠቆ ሲጎትቱ አየ። ዓሣው የጎልማሳ ቁመት ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው። ሲጎትቱት ይጎትታቸዋል፤ ሲለቁለት ይሮጣል፤ ላብ በላብ ሆነው በስንት መከራ አወጡት። ካወጡት በኋላ ታቅፈውት ፎቶ ተነሡና መልሰው ውሃው ውስጥ ለቀቁት። ሳይበሉት! ሀብታሙ ይህን ሲያይ ልቡ ተሰረቀ። ለመብላት ማጥመድማ የድሃ ሥራ ነው አለ በሆዱ፤ እንዲህ ያለውን አውሬ በሰው ፊት አሸንፎ መልሶ መልቀቅ፣ የጌታ ጨዋታ ማለት ይህ ነው።

ቤቱ እንደገባ ጓሮውን አስቆፈረ። የድንችና የጎመን መደብ የነበረውን ቦታ ሁሉ ጠርጎ ጥልቅ ኩሬ አሠራበት። የቆላ ዓሣ የደጋ ብርድ አይችልምና፣ በኩሬው ላይ የአበባ እርሻዎች የሚሠሩትን ዓይነት የላስቲክ ቤት አቆመ። ፀሐይ ላስቲኩን ስትመታው ውስጡ እንደ ቆላ ይግላል፤ የገባ ሰው ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ከዚያም አንድ ዓሣ አስጋሪ አነጋግሮ የነጭ ዓሣ ጫጩቶች በበርሜል አስመጣ። አስጋሪው ጫጩቶቹን ወደ ውሃው እየለቀቀ እንዲህ አለው፦

«ጌታዬ፣ እነዚህ እህል አይበሉም። ምግባቸው ዓሣ ነው። አጠገባቸው ቆሮሶ ያርቡና ይስጧቸው። ከጠገቡ አብረው ይኖራሉ።»

ሀብታሙም የተባለውን አደረገ፤ ይህን አልክድበትም። ከትልቁ ኩሬ አጠገብ ትንሽ ኩሬ አስቆፍሮ ቆሮሶ አረባ። ቆሮሶን ታውቀዋለህ፤ በየሆቴሉ ተጠብሶ የሚቀርበው ነው። የግቢው ዘበኛ በባልዲ እየቀዳ ወደ ትልቁ ኩሬ ይደፋል፤ ነጭ ዓሦቹም ከሥር ተወርውረው ይውጣሉ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ እነዚያ ጣት የማያህሉ ጫጩቶች የሰው ጭን አከሉ። ሀብታሙ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስገባው ሳሎን አይደለም፤ ላስቲክ ቤቱ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ዓሣ እንደ ፈረስ ስም አወጣለት፤ አባ ዋጠው አለው። «አፉን እዩልኝ!» ይላል እንግዶቹን። «ወንድሞቹ አጠገቡ ድርሽ አይሉም። እሱ ካልጠገበ ማንም አይቀምስም።» እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። እሱም የተጨበጨበው ለራሱ ይመስል ደረቱን ይነፋል። ለመጪው ፋሲካ የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ጠርቶ፣ አባ ዋጠውን በፊታቸው በመንጠቆ ሊያወጣና መልሶ ሊለቀው ቀጠሮ ያዘ። ሌሊትም ቀንም የሚያስበው ያንን ነበር። ሰው ሁሉ «እሱ እኮ ጌታ ነው» ሲል ይሰማው ነበር።

እንግዲህ ሁዳዴ ሊገባ ሆነ። በቅበላው ሰሞን በአንድ ወዳጁ ቤት ተጠርተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ ከተጋባዦቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያጣ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የጌታችን ግቢ ዘንድሮ ግማሹ ጾመኛ ግማሹ በላተኛ ነው አሉ! እሳቸው ሽሮ፣ አባ ዋጠው ሥጋ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀብታሙም አብሮ ሳቀ። ነገሩ ግን ገብቶ አንጀቱን ቆረጠው። እሱ እኮ በጾመኛነቱ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው መንገድ የሚለቅለት ነው። አሁን በአንድ ዓሣ ሊሳቅበት!

በማግሥቱ ዘበኛውን ጠርቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቆሮሶ የለም። ሁዳዴ እስኪፈታ የጾም ይብሉ» አለው።

«የጾም ምን ጌታዬ?»

«ንፍሮ ነዋ! በሶ! ሰው የሚበላውን!»

ሚስቱ በረንዳው ላይ ሆና ስትሰማ ነበር። «ኧረ ተው» አለችው፣ «እንስሳ ምን ኃጢአት ኖሮበት ነው የሚጾመው?»

«በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል!»

«የነነዌ ሦስት ቀን ነው» አለችና ገባች።

እሱ ግን አልሰማም። በግቢዬ የሚያድር ሁሉ ሕጌን ይጠብቃል አለ። ሽምብራ ተቀቅሎ በሳፋ እየተወሰደ ኩሬው ውስጥ ተደፋ። ዓሦቹ ቀርበው አሸተቱት፣ ተመለሱም። ሽምብራው ወርዶ ኩሬው ሥር ተዘረጋ፤ ሰነበተ፤ ሻገተ። ውሃው መሽተት ጀመረ። ዓሦቹ ከዳር ዳር ይዞራሉ፤ ዘበኛው ባዶ እጁን እንኳ ቢዘረጋ ይግተለተላሉ። «ይለምዳሉ» ይላል ሀብታሙ፤ «እኛስ ስንወለድ ጾም እናውቅ ነበር?» ይላል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሞ «የኔ ቤት ዓሣው እንኳ ይጾማል» ሲል ሰዎች ተገርመው ራሳቸውን ይነቀንቁለታል። ያንን ነበር የፈለገው፤ አገኘው።

እሺ፣ ያ ሁሉ ቆሮሶ የት ገባ መሰለህ? ትንሿ ኩሬ እኮ ሞልታ ትንቦጫረቃለች። ሀብታሙ ራሱ ይበላው ነበር! በየቀኑ ምሳው ላይ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይቀርብለታል። «ዓሣ ከሥጋ አይቆጠርም፤ የውሃ ነው» ይላል ጣቱን እየላሰ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ እኔ ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያው አንድ ቆሮሶ በእሱ ሳህን ላይ ሲሆን የጾም ነው፤ በዓሣው አፍ ሲገባ ፍስክ ነው! ይህን ሕግ ማን አወጣው? ሆዱ ነው ያወጣው። ከተራቡት አፍ ነጥቆ እየበላ፣ የእነሱን ረሃብ የራሱ ጽድቅ አድርጎ ያወራው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? እኔ የምለውን ቆብ ስላጠለቅኩ እተወዋለሁ።

ከዚያ ነገሩ ተጀመረ። አነስ አነስ ያሉት ነጭ ዓሦች መታየት አቆሙ። ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል፣ ይጎድላል፤ ደግሞ ይቆጥራል፣ ደግሞ ይጎድላል። ንዴት ያዘው። ሌላ ማንን ይጠርጥር? ዘበኛውን ያዘው። «ሰርቀህ ለሆቴል ሸጠሃል!» ብሎ አንገቱን አነቀው። ዘበኛው በግቢው ያረጀ ሰው ነው። በልጆቹ ማለ፤ በታቦት ማለ። ሀብታሙ አልሰማውም፤ በዚያ በቅዱስ ጾም፣ ብርድ ልብሱን በትከሻው አሸክሞ ከግቢ አባረረው። የላስቲክ ቤቱን በር በትልቅ ቁልፍ ቆለፈና ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። አሁን እንግዲህ ከእሱ በቀር የሚገባ የለም።

ዓሦቹ ግን መጉደላቸውን አላቆሙም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ፣ ረፋዱ ላይ በሩን ከፍቶ ገባ። ኩሬው ዳር ቆሞ ሲያይ፣ አባ ዋጠው ከጥላው ሥር ወጣ። ከፊቱ አንድ ወንድሙ፣ አብሮት በአንድ በርሜል የመጣ፣ ተዳክሞ በጎኑ ይዋኛል። አባ ዋጠው አፉን ከፈተ፤ ወንድሙን ከነነፍሱ ዋጠው። ውሃው አንዴ ተናወጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ሀብታሙ ነደደ። ፊቱ ጠቆረ። «አንተ ሆዳም!» ብሎ ጮኸ። «የእናትህን ልጅ! ባሳደግኩህ! ቤት በሠራሁልህ! ጥርስህ ይርገፍ፣ ዘር አይውጣልህ!» አንድ ዓሣ ላይ ቆሞ የአባት እርግማን አወረደበት። አፉን እዩልኝ እያለ ሲያስጨበጭብለት የነበረው ሰው፣ ያንኑ አፍ ረገመው። ዘበኛውን በሐሰት እንዳባረረው ትዝ አለው? አለው። ልኮ አስጠራው፣ ይቅርታ ጠየቀው? ሞቼ ነው! ቁጣው ሁሉ ያለቀው ዓሣው ላይ ነው።

ትንሿ ኩሬ እኮ አጠገቡ ነበረች። ልብ በል! እጁን ቢዘረጋ የሚደርስባት ቦታ ላይ ነበረች። ባልዲው ጠርዟ ላይ ተደፍቶ ነበር። አንድ ባልዲ ቆሮሶ ቀድቶ ቢደፋላቸው የቀሩት ይተርፉ ነበር። እርግማኑን ጨርሶ በሩን ቆለፈና ወደ ቤት ገባ፤ ምሳ ቀርቦ ነበርና። ምሳው ምን እንደነበር አንተው ታውቀዋለህ።

ፋሲካ ደረሰ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከነሚስቶቻቸው መጡ። ሀብታሙ ከውጭ አገር ያስመጣውን የማጥመጃ ዘንግ ይዞ በፊታቸው ቆመ፤ ንግግርም አደረገ። ዓሦቹ ሁዳዴን ከእሱ ጋር ጾመው እንደጨረሱ ነገራቸው፤ አጨበጨቡለት። ከዚያ በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ሽታው ተቀበላቸው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። «የውሃ ነገር ነው» አለና መንጠቆው ላይ ቆሮሶ ሰክቶ ወረወረ። ጠበቁ። ምንም የለም። ደግሞ ወረወረ። ምንም። ላቡ በግንባሩ ወረደ። የዚያ የቅበላው ቀልደኛ ሳል ከኋላ ተሰማ። ሀብታሙ አሁን ቸኩሎ ሁለት ጎረምሶች መረብ ይዘው ከወዲህና ከወዲያ እንዲስቡ አዘዘ።

መረቡ ሲወጣ ከበደ፤ እንግዶቹ ቀረብ አሉ። በመረቡ ውስጥ አባ ዋጠው ተጋድሟል። ከአፉ የሌላ ነጭ ዓሣ ጅራት ወጥቷል፤ ቁመቱ ከእሱ የማይተናነስ የመጨረሻው ወንድሙ ነው። ሊውጠው ሲሞክር አንቆታል፤ ሊተፋውም አልቻለም። ዋጩም ተዋጩም ሞተዋል። ኩሬው ውስጥ ሌላ የቀረ ነፍስ አልነበረም።

ሀብታሙ የሰዎቹን ፊት አየ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። ያኔ ከአንዱ ሽማግሌ እጅ ከዘራውን ነጠቀና የሞተውን ዓሣ ይቀጠቅጥ ጀመር። «አዋረድከኝ!» ይላል። «ከሃዲ! በሰው ፊት አዋረድከኝ!» ይመታል፤ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ በእንግዶቹ ነጭ ልብስ ላይ ይለጠፋል። ሚስቱ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት መጣች። ክንዱን ያዘችው።

«ምን አድርጎህ ነው የምትመታው?» አለችው። «የተውክለትን ነው የበላው።»

እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ዶሮው ድስት ውስጥ ቀረ፤ የቀመሰ አልነበረም። እሱ ግን ያንን ቀን እስካሁን ሲያወራ፣ «ወንድማማች ዓሣ ተባልቶ አዋረደኝ» ነው የሚለው። ራሱ ነካሽ ራሱ ከሳሽ ማለት እንዲህ ነው።

ይኸው ነገሩ። አሁን ወዳንተ ልምጣ።

አንገትህን አትድፋ፤ ቀና በልና ስማኝ። ሦስት ወንድ ልጆች አሉህ፤ ሦስቱም ጢም አውጥተዋል። ጎጆ እንውጣ ቢሉህ ከለከልካቸው። ታላቁ ያጫት ልጅ ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አገባች። አንዲት ጥማድ መሬት ስጠን ሲሉህ «ስሞት ትካፈላላችሁ» ትላለህ። ላም አለኝ በሰማይ! የሚያርሱት እነሱ ናቸው፤ የሚያጭዱት እነሱ ናቸው፤ የጎተራው ቁልፍ ግን አንገትህ ላይ ነው። እዚህ ቅጥር ውስጥ ቆመህ «ልጆቼ ከቃሌ አይወጡም፣ አንድ ማዕድ ነው የሚበሉት» ስትል እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውም ራሱን ነቅንቆልሃል። ከመሬትህ ሁሉ የምትሻለው የወንዝ ዳሯ ቁራጭ ናት፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ጣሉባት፤ በእሷ ተፈነካከቱ። ታላቁን ደግሞ ትናንት «አንበሳዬ ነው፤ ወንድሞቹን ቀጥ አድርጎ ይይዝልኛል» ስትል አልነበረም? ያ የያዘበት ክንድ ነው ዛሬ ልትረግመው የመጣኸው።

አይ፣ ልጅህ ንጹሕ ነው አላልኩም። ሰው ዓሣ አይደለም፤ የወንድሙን ደም አፍስሷል፤ ይጠየቅበታል፤ ይካሳል። እሱን ለብቻው ጠርቼ ከአንተ ባላነሰ እቆጣዋለሁ። ግን የጠየቅኸኝ ስለ እሱ ብቻ አይደለም። የትኛውን ልርገም ነው ያልከኝ።

ምን አልክ? ጮክ በል። «አባ፣ ትዕግሥት ላስተምራቸው ብዬ ነው» ነው ያልከኝ? ትዕግሥት! ጾም የሚያስተምር አብሮ ይጾማል! አንተ መቼ ጾምክ? አንተ እኮ በሃያ ዓመትህ ከአባትህ መሬት ተቀብለህ ጎጆ ወጥተሃል፤ እኔው ነኝ ጎጆህን የባረክሁት። ጾሙን ለልጆችህ ሰጠህ፤ ፍስኩን አንተ በላህ። እርስ በርስ ሲባሉ ጊዜ ከዘራህን አንሥተህ መጣህ።

ተነሥ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂድና የተኛውን ልጅህን እየው። ከዚያ ሽማግሌ ጥራ፤ ገመድ ያዝ፤ ሦስቱን በፊትህ አቁመህ መሬቱን አካፍላቸው፤ የወንዝ ዳሯንም አትደብቅ። አካፍለህ ስትጨርስ ወደኔ ተመለስ። ያን ጊዜ የሚረገም ሰው ከተረፈ፣ እኔና አንተ አብረን እንረግመዋለን።